ገበር

ግራ ትከሻው ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ይላል፤
ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ሌላው ያወላውላል።

ከወልድያ ሚኒባስ ቅዳሜ ወረደ፣
ብርቱካን ሻጮቹን ፎቶ አንስቶ ሄደ።
«ፊልም ልንሠራ ነው፣ መርሳ ላይ» አለና
ያንገቱን ካሜራ ወለወለና
ከሱቄ በረንዳ ቁጭ አለ ገና
መኪናዬ ሳይሞቅ።

«ታሪኩ ያንድ ሰው ነው፤ አታላይ፣ ብልጣ ብልጥ፣
ስም እንደ ሸሚዝ ነው ለሱ፣ የሚለወጥ።
ዛሬ ሐኪም ይሆናል፣ ነገ አብራሪ፣ ዳኛ፣
ሲነቃበት ደግሞ መንገድ ዳር በሽተኛ።»
«ዋናውን ማን ይዞታል?» አልኩት።
«ይመጣል» አለና ሳቀ፣ «መንገድ ላይ ነው፤ አትስጋ፤
ልኩ ልክ እኔን ነው፤ ሜትርህን ዘርጋ።»

ደረት ዘጠና ሁለት። እጅጌ ስድሳ አንድ።
ግራ ትከሻ ዝቅ (የሸክም ነው? የልምድ?)
ሰፊ ሰው አይጠይቅም፤
የጎደለን ትከሻ በጥጥ ይሞላል እንጂ
ባለቤቱን አያስጨንቅም።

ከዚያማ ምን ልንገርህ! መርሳ ሰልፍ ወጣች፤
ጦይባ ነርስ ልትሆን ሱቋን ዘግታ መጣች፤
አረጋው ሚዛኑን፣ ብርቱካኑን ትቶ
ዳኛ ሆነ፣ ያውም ጥቁር ካባ አሰፍቶ፤
ጎማ ጠጋኙ አሕመዴ ፖሊስነት ደረሰው፤
ሁለት ሺህ ብር መመዝገቢያ፤ ማን ማንን ወቀሰው?

ግራና ወንዝ ዳር፣ በሁለተኛው ሳምንት፣
ይማምና በላይ ቀረቡ ለችሎት።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ባንድ የመስኖ ውሃ
ቃል ያልተለዋወጡ፣ የጎረቤት በረሃ።
እሱ ምኑን ያውቃል? «ታረቁ» ነው ያለው፤
«እንባም ጣል አድርጉ፤ እሱ ነው ደስ 'ሚለው።»
አለቀሱ። ወላሂ። መቼ በትወና!
አረጋው መዶሻውን ረስቶት ቀረና
እሱም አለቀሰ።
ቀይዋ መብራት ብቻ ትርገበገባለች፣
እንደ ምስክር ዓይን አትኩራ ታያለች።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ፍራሽ ቀረ።
ነጩ ጋውን የለም፤ የአብራሪው ኮት በረረ።
ካሜራውን ትቶታል። አሕመዴ ሲፈታው
ሆዱ ባዶ፤ ካርድ የለው። የወር ሥራችን ያው።
ዋናው ተዋናይ ግን፣ ያ መንገድ ላይ ያለው፣
ከመጀመሪያ ቀን መሐላችን ነው የዋለው።
እኔ ከሥር ከሥር ለኮቱ ሳገባ ገበር
መርሳም ለባለ ኮቱ ስትገብር ነበር።

መርማሪው ደብተሩን ዘርግቶ «ስሙ?» አለን፤
አሥራ አንድ ስም አወጣን፤ ተጣላን፤ ተሳሳቅን።
«ሀገሩስ?» «ለኔ ደሴ።» «ለኔ ኮረም ብሏል።»
«ለኔማ ቦረና! የእናቱን ሞት ሲያወራ አስለቅሶኛል።»
እኔ ነኝ ያልዋሸሁ፦ ደረት ዘጠና ሁለት፣
እጅጌ ስድሳ አንድ፣ ግራ ትከሻው ዝቅታ አለበት።
መርማሪው አልጻፈም።

ዓመት ሊሞላው ነው። አረጋውን ዛሬም
«ዳኛው» ነው የሚሉት፤ ብርቱካን ሲመዝንም
ጠብ ያመጡለታል፤ ይፈርዳል፤ ይከበራል፤
ይማም ቀን፣ በላይ ሌሊት ውሃውን ያዞራል።
የኔ ብር ግን አልመጣም፤ የጨርቁም፣ የእጄም።
አራት ሺህ ስድስት መቶ። አልረሳሁም።

ትናንት፣ ሱሪ ሊያስጠብብ የሐርቡ ሰው መጣ፤
ስለ ሀገሩ ሲያወራ፣ ሻይ እየጠጣ፣
«አዲስ ሐኪም አለን» አለኝ፣ «እጁ ቀለል ያለ፤
ነጭ ጋውኑ ደግሞ! እንዲህ ያለ ስፌት የት አለ!»

መርፌዬ ቆመ።
የመርማሪው ቁጥር ግድግዳው ላይ አለ፣ በእርሳስ የጻፍኩት፤
እጄም ወደ ስልኬ ሊሄድ ነበር፤ አየሁት።
አፌ ግን ቀደመው፤
«ትከሻው ላይስ» አልኩ፣ «እንዴት ነው አቀማመጡ?
ግራና ቀኙ እኩል ነው?»

«እኩል ነው» አለ ሰውየው፣ «እንደ ሚዛን።»

መኪናዬን ረገጥኩ።