ስልሳ ሰባት በመቶ

ኦውሉ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ባሕሩ በረዶ ሆኖ፣
ታይስቶ በሬን መታው፣ ሪሞቱን በጓንቱ አፍኖ።
«ና እስቲ እየው ይሄን ነገር፣ ጤነኛ ነበር እስካሁን፤
‹አዲስ ነገር አለኝ› አለኝ፣ ‹እሺ› አልኩት፣ አየሁ ጉዴን።»

ስልሳ ሰባት በመቶ ላይ ቆሟል አጅሬ አምፕሊፋየር፤
አይወርድም፣ አይወጣም፤ አይሞት ወይ አይናገር።
ቀይ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ አንዴ... ሁለቴ... ከዚያ ዝም፣
እንደ ተቆጣ ሰው ዓይን፤ ምክንያቱን ግን አይነግርም።

በአንድ ግድግዳ የተከፈልን ጎረቤታሞች ነን እኛ፤
እሱ ባቡር ነጂ ነበር፣ እኔ የሊፍት ሠራተኛ።
በሁለት ፎቅ መሀል ላይ ቀጥ ያለ ሊፍት አውቃለሁ፤
ውስጡ የቀረውን ሰውዬ በበሩ አዋራዋለሁ።
ይህንን ግን በየት በኩል፣ በምን ቋንቋ ላዋራው?
በር የለው፣ ሰው የለው ውስጡ፤ ቀይ ዓይን ብቻ ነው ያፈራው።
ፈርምዌር ይሉታል ስሙን፤ የማሽኑ የውስጥ ልብስ ማለት፤
አሮጌውን አውልቆ ሳለ፣ አዲሱን ሳይለብስ መሸበት።

መጀመሪያ ያው የታወቀው፦ ከሶኬቱ ነቅለን ቆየን፤
«እስከ ሠላሳ ቁጠር» አልኩት፤ እሱ ግን ስልሳ አደረሰን፤
የባቡር ሰው አይቸኩልም፣ ሰዓት ሳያይ አይነሳም።
ሰካነው። ቀይ። ብልጭ፣ ብልጭ። ልፋታችን ግድ አልሰጠውም።

«ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነህ ያዝ» ይላል መጽሐፉ፤
የትኞቹ እንደሆኑ ግን ድመቷ ቦጭቃዋለች ከጫፉ።
እኔ ድምፅ መጨመሪያውን፣ እሱ ማብሪያውን፣ በሁለት ጣት፣
ጎንበስ ብለን፣ ትንፋሽ ይዘን፣ እንደ ካዝና ሌባ በሌሊት፤
«ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና «ሠራ!» አልኩኝ በደስታ፤
የታይስቶ ጉልበት ኖሯል፣ ከወለል ሊነሳ ሲንገላታ።

ከዚያ ፍላሽ። የተገኘው የልጅ ልጁ የሂልያ፣
ሮዝ ጥንቸል፤ ራሷ ሲነቀል ብቅ ይላል መሰኪያ።
አጸዳነው፤ ፋይሉን ጫንን፤ ማሽኑ «አላየሁም» ይላል፤
ለካ ሁለቴ ስናወርደው ስሙ ጭራ አብቅሎ ኖሯል፣
በቅንፍ ውስጥ አንዲት ቁጥር፤
ማሽን እንደ ክፉ ዘበኛ በአንዲት ፊደል ይመልሳል።
ጭራውን ቆረጥኩ። መልሼ ሰካሁ። ጠበቅን።

ስንጠብቅ ጠየቅሁት፦ «ምን ጎድሎህ ነው የነካኸው?»
«ምንም። በትሕትና ጠየቀኝ፤ እንዴት ብዬ ላሳፍረው?»
ማታ ማታ የሚሰማው የባሕር ላይ ትንበያ ነው፤
እሱ ባሕር ወጥቶ አያውቅም፤ የነፋሱን ወሬ ግን ይወዳል፤
የደሴቶቹን ስም በተራ እንደ ባቡር ጣቢያ ይቆጥራል።

ስክሪኑ በራ። ለጊዜው አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦
«ከምሽቱ አሥራ ሁለት ከአራት፤ ኃይል ወረደ፤ ሥራው ከሸፈ።»

ዝም አልኩ።
አሥራ ሁለት ከአራት። ቅዳሜ። ያቺን ደቂቃ አውቃታለሁ፤
የሳውናዬን ምድጃ ያኔ ማብሪያውን አዙሬያለሁ፤
መብራቱ ደከም ብሎ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።
ቤታችን የቆየ ነው፤ አንድ መስመር ለሁለት ያበላል፤
ድንጋዬ እዚህ ሲግል፣ እዚያ የእሱ አምፖል ያዛጋል።
ስልሳ ሰባት በመቶ ላይ እጁን ይዤ ያስቆምኩት
እኔው ነኝ፤ ራቁቴን ተቀምጬ፣ በፍል ድንጋይ ውሃ ስረጭበት።

ታይስቶ መስመሩን አየ። የደቂቃ ሰው ነው፤ ገባው።
መነጽሩን በሹራቡ ጠረገና፣ ቀስ ብሎ አስተካከለው።
«እንፋሎቱስ ደህና ነበር?»
«ደህና ነበር» አልኩት።

ቁጥሩ ሄደ። ስልሳ አራት። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስድስት።
«ምድጃህ ጠፍቷል?» አለኝ። «ጠፍቷል፤ ጠፍቷል» አልኩት።
ስልሳ ሰባት።
ስልሳ ሰባት።
ስልሳ ሰባት፤ ግድግዳው ውስጥ ሽቦው ሲተነፍስ ሰማሁት።
ስልሳ ስምንት።

እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ የባሕሩ ወሬ አብቅቷል፤
የመጣልን ድምፅ የድንች ዋጋ ይተነትናል።
ታይስቶ ቆሞ ሰማው፣ እስከ መጨረሻው፣ ዝም ብሎ።
የማሽኑ ጽሑፍ በስዊድንኛ ሆነ፤ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም፤
«ተወው» አለኝ፤ «እንደ ፍጥርጥሩ። ሁለተኛ እሺ አልለውም።»

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳውን አንኳኳለሁ፤
አንዴ ሲመልስ ምድጃዬን፤ ሁለቴ ከሆነ፣ እጠብቃለሁ።