በጀርባው የተኛ ክንፍ

አባቴ ሜትር ይዞ ዞራት፣ የእናቴን ሱባሩ፣
ከመስታወት እስከ መስታወት፣ ከበሩ እስከ በሩ፤
ቁጥሩን በእርሳስ ክንዱ ላይ እየጻፈ፣
የሸሚዙ እጅጌ ግማሹን እየገፈፈ፤
"ይገባል" አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ።
እናቴ ያን ሌሊት ተረኛ ናት፤
የሆስፒታል ልብሷን ስትተኩስ ቀና ብላ፣
"መግባቱስ ይግባ ሊንዚ፤ ግን ይገባል?"
አለች፣ ካውያዋን ሳትጥል።

የኋላ ወንበሮች ወጡ። ጋራዥ ውስጥ ተደረደሩ ፊት ለፊት፣
እንግዳ እንደቀረበት ቤት።
ከሾፌሩ ጀርባ አንዱ ብቻ ቀረ፣ የኔ።
"ትምጣ፤ የሚደግፍ እጅ ያስፈልገናል" ተባለ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እጅ ሆኜ ተቆጠርኩ፤
ደስ አለኝ።

ሊትልተን ወደብ ሳጥኑ እንደ ጀልባ ተጋድሞ፣
የጉምሩኩ ሰው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኛን አየ፣ ቆሞ።
"የጭነት መኪናችሁስ?"
አባቴ በአገጩ አሳየው።
ሰውዬው ብዕሩን ከጆሮው አውርዶ አስፈረመን፤
ከዚያ ምንም ሳይል ገመድ ጨመረልን።

ክዳኑ ሲነሣ የጥድ ጣውላ፣ የአዲስ አልሙኒየም ሽታ፣
ቀዝቃዛ ማንኪያ ምላስ ላይ ሲያርፍ ያለ፣ ለአፍታ።
ጅራቱ ከፊት ወንበር ትከሻ ተነሥቶ በኋላ በር ወጣ፤
ጫፉ ላይ ቀይ የዋና ቁምጣዬ ታሰረ፣ ፖሊስ እንዳይቆጣ።
መቅዘፊያው ጭኔ ላይ፤ እግሬ ሥር ሦስት ከረጢት ሪቬት፤
ክንፉ ጣሪያው ላይ፣ በሠርጋቸው ብርድ ልብስ ተጠቅሎ።
ሁለተኛው ክንፍ ለሌላ ቅዳሜ።

ራካያ ድልድይ ላይ ነው የያዘን፣
ያ ከተራራ የሚወርደው፣ ሞቃቱ፣ ራስ ምታት ያዘለው ነፋስ።
ወንዙ ከታች እንደ ተፈታ ሹሩባ ተበታትኖ፣
ድልድዩ ረዝሞ፣ ረዝሞ፣ ማለቂያው ጠፍቶ።
ገመዱ አፏጨ። ከዚያ ጮኸ።
ከዚያ ዝም አለ፤ እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነው።
"መሪው ባዶ ሆነብኝ" አለች እናቴ፣
ወተት አልቋል እንደምትል ሁሉ።
መኪናዋ ቀለለች። በእግሬ ጣት አወቅሁት።

ክንፍ ምን ያውቃል? ነፋስ ሲነካው ይነሣል፤
ሞተር የለኝም፣ ጅራቴም ታች ነው ብሎ መች ያነሣል?

እንዴት እንደተሻገርን አላውቅም።
ከበጎች አጥር አጠገብ ቆምን። አባቴ ወረደ፣
ፊቱ አልሙኒየም መስሎ። ክንፉን ሳይሆን እኛን ዳሰሰ፤
ከዚያ ክንፉን።
"እንገልብጠው" አለች እናቴ።
ነርስ ናት፤ ጎኑ እንዳይቆስል በሽተኛ ማገላበጥ ታውቅበታለች።
"ብሮኒ፣ ጫፉን ያዢ። በሦስት። አንድ፣ ሁለት፣"
ሆዱ ወደ ሰማይ፣ ጀርባው ወደ እኛ ዞሮ ተኛ።
የሚያነሣን ነገር ከዚያ ወዲያ ተጫነን፤
ነፋሱ በጨመረ ቁጥር ሱባሩዋ መንገዱን ጨበጠች፣
እስከ አሽበርተን፣ እስከ ጄራልዲን፣ እስከ ጋራዣችን።
እናቴ ተረኛነቷ ላይ አንድ ሰዓት ዘገየች።
ለአለቃዋ ምን እንዳለች አልነገረችንም።

አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።
በመሃል ሱባሩዋን ሸጥናት፤ የገዛው ልጅ
ጣሪያዋ ላይ ያለውን ጭረት በጣቱ ተከትሎ
"ዛፍ ወድቆባት ነው?" አለኝ። "ክንፍ" አልኩት።
ሳቀና ሃምሳ ዶላር አስቀነሰኝ።

አንድ ጠዋት፣ ሣሩ እንደረጠበ፣
አባቴ የአውሮፕላኑን በር ከፈተላት።
አገጩን በምላጭ ቆርጦት ነበር፤ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል።
"ግቢ ናይሪ" አላት። "ለአንቺ ነው የሚገባው።"
እናቴ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ከታ
ክንፉን አየችው፣ ሆዱ ወደ ምድር፣ እንደሚገባው፤
"እኔ በርሬበታለሁ" አለች፣
"ብሮኒን ውሰዳት።"