ጥላ ውድ ነው

ዘጠኝ ዓመት ኖርኩኝ ክሬን አናት ላይ፣
ከበታቼ ወደብ፣ ከበላዬ ሰማይ።
ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ መሰላል ሲያቅተኝ፣
ሻርጃ፣ መጋዘን ውስጥ፣ አዲስ ሥራ ሰጡኝ።
መነጽር ነው ሥራው፣
እንደ ጡብ የከበደ፣ ግንባር የሚጫነው።
እሱን አጥልቄ ነው፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣
ባዶ አየር ጨብጬ፣ መሪ ነው ብዬ አምኜ፣
የሌለ ኮንቴይነር ከሌለ መርከብ
አንስቼ የማኖር በሌለ ወደብ።

«ጌም ነው እንዳትለው» አለኝ ፕራቲክ ልጁ፣
ኮምፒውተር ፊት ያደገ፣ ሸካራ ያልነካ እጁ፤
«ሲሙሌሽን በለው። ሙሉ ወደብ ሠራን፣
ሞገዱን፣ ብረቱን፣ ገመዱን መተርን።
አንተ ዕውነተኛውን ታውቀዋለህና
ውሸታችንን ያዘው፣ ጻፈው በጥሞና።»

የመጀመሪያው ቀን ሆዴ ተናወጠ፣
ጭንቅላቴ ሲሄድ እግሬ ተቀመጠ።
ፌስታል አቀበሉኝ። ደግ ሰዎች ናቸው።
ለትውከት እንኳ ሳይቀር የሚሞላ ቅጽ አላቸው።

ሪፖርት ቁጥር አንድ፦ «ነፋስ የለም» አልኩት፤
«ሻማል የሚሉት ንፋስ የተነሳ ለት
ይወዛወዛል እንጂ ዝም አይልም ብረት።»
በሳምንቱ ነፈሰ።
መንጠቆው ደነሰ።
ሪፖርት አሥራ ሰባት፦ «መስታወቱ ጠራ፤
እኔ የማውቀው ወደብ ሥራው በአቧራ።»
አቧራም መጣልኝ።
ሪፖርት ሠላሳ፦ «መሪው አያቃጥልም፤
ሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ብረት በእጅ አይያዝም።»
ፕራቲክ ጆሮውን አከከና፦ «ሙቀቱን እንተወው፤
ላብ የሚፈልግ ደንበኛ፣ ከፍሎ የሚገዛው ማነው?»

ከታች፣ ከአስፋልቱ ላይ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ
አንድ ሰው ቆሟል፣ እጁን ወደ እኔ መልሶ፤
ግራ... ቀኝ... ዝቅ... በቃ፣
አይጠማ፣ አያስል፣ አይተኛ፣ አይነቃ።
እዚያ ቦታ ላይ እኔ የማውቀው ሙሂዲንን ነው፣
«ያላ፣ ቀስ፣ እንቁላል ነው!» በሬዲዮ የሚጮኸው።
ሰዓት አላስርም ነበር ያኔ።
ከላይ ሆኜ እሱን ነበር የማየው፣
የክሬኑን እግር ጥላ ተከትሎ ሲዞር፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፦
በምዕራብ በኩል ካለ ረፋድ ነው፣
እግሩን አጥፎ ከተኮራመተ ቀትር፣
ወደ ምሥራቅ ከተዘረጋ፣ በቃ፣ ልንወርድ ነው፣ ምሳ ዕቃ ይነሳ።
አሁን ከሚሴ ገብቶ ሱቅ ከፍቷል፤
በድምፅ መልእክት የስኳር ዋጋ ይነግረኛል።

ሪፖርት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦
«ቢጫ ለባሹ ሰው ጥላ የለውም።»

ፕራቲክ ሳያፍር መለሰልኝ፦ «ጥላ ውድ ነው።
ማሽኑን ይከብደዋል፣ ያንቀረፍፈዋል፣ ያግለዋል።
ለመርከቡ ሰጠን፣ ለክሬኑ ሰጠን፣
ለኮንቴይነር ሁሉ አንድ በአንድ አደልን፤
ሰው ጋ ሲደርስ አለቀብን።»
ሳቅሁ። «ምን ያስቃል?» ብሎ አፈጠጠብኝ፣
በዚያች በእንግሊዝኛዬ መንገር አቃተኝ።

ለምሳ ወጣሁ። ፀሐይዋ እንደ መዶሻ።
ከመንገዱ ዳር አንድ የመብራት ምሰሶ አለ፣
ጥላው ከክንድ አይሰፋም፣ ከቁመት አይበልጥም፣
አራት ሰዎች ተደርድረውበታል አንዱ ካንዱ ኋላ፣
ጉልበታቸውን አቅፈው፣ እንዳይተርፍ ከጥላ።
የመጨረሻው ዞር ብሎ አየኝ።
ቋንቋዬን አያውቅም፣ ቋንቋውን አላውቅም።
ጠጋ አለልኝ።

በአሥራ አምስት ቀኑ የሰውየው ጥላ መጣ፣
ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ከጫማው ሥር የወጣ።
ፕራቲክ ትከሻዬን መታኝ፦ «ደስ አለህ አሁን?»
መነጽሩን አጠለቅሁ። የሌለችው ፀሐይ አናት ላይ ወጣች።
ጠበቅሁ። እጄን ከመሪው አነሳሁ።
የክሬኑ እግር ጥላ፣ ሰፊው፣ ቀዝቃዛው፣ ባዶውን ተዘርግቶ፣
ሰውየው ከሁለት እርምጃ ማዶ
ግራ... ቀኝ... ዝቅ... በቃ።

ሪፖርት ሁለት መቶ ሃያ፦
«ጥላው ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ።
ሰውየው ግን አይቀመጥበትም።»
«የስህተቱ ክብደት» ከሚለው ሥር
ትልቁን ሣጥን ጠቆርሁት።