እንዳሻው ያዘዘው

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣
ስድስት ጠረጴዛ ያላት ቤት አለች፣ ከጥብስ ሌላ የማትወድ።
ሐሙስ ማታ ገባን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ ሚስቱ ጽጌማርያም፤
ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን ውሃውን ገና አልጠጣም።

አስተናጋጁ ኸይረዲን ደብተሩን ከኪሱ አወጣ፤
«የሚበላውን አውቄዋለሁ፤ ምን ይምጣ፣ የሚጠጣ?»

ዝም አልን።
እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ፣ እንዲህ ከብዶን አያውቅም።
የወንድሜ ስም እንዳሻው ነው፤
ሰባት ወሩ ግን፣ እንዳሻው ያሻውን አይጠይቅም።

ዝርዝሩን ገለጥኩ። አራት ገጽ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ፤
ቢራው በዓይነት፣ ወይኑ በአገሩ፣ ውስኪው በዕድሜው ተሰልፎ፣
ታች ጥጉ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ለስላሳ» ይላል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ኅዳጉን ተደግፎ።

ለስላሳ!
ለልጅ ልደት የሚቀርብ፣ ስኳሩ ከአዋዜ የሚጣላ፤
ትልቅ ሰው በጎድን ጥብስ ፊት ይዞት ሲታይ፣
የተቀጣ እንጂ የተጋበዘ አይመስልም፣ ሲበላ።

ጽጌማርያም ሰረቅ አድርጋ አየችውና፣ «ለኔ ውሃ» አለች።
«ያቆምኩት እኔ ነኝ» አላት፤ «አንቺን ማን ከለከለ?
ለጋ ጠጅ ያዢ፣ ማሩ ገና ያልለቀቀው፣ ጌሾው ያልበሰለ።»
እኔ አምቦ ውሃ አልኩ፣ ሎሚ ይጨመቅበት፤ መኪና እነዳለሁ፣
(ባልነዳም አምቦ ነው የምለው፤ ሰበብ ግን እወዳለሁ።)

ቀረ እንዳሻው።
ጣቱ በዝርዝሩ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተመለሰ፤
ጥብሱ በሸክላ እየጮኸ ከጓዳ ሲመጣ፣
ግራ እጁ፣ እሱ ሳያውቀው፣
ቢራ ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ተንቀሳቀሰ።

ያን ጊዜ ኸይረዲን ደብተሩን አጠፈ፤ ጎንበስ ብሎ፣
«ዝርዝሩ ላይ የለም» አለ፣ ምስጢር አስመስሎ፤
«እናቴ የጠመቀችው ቀሪቦ አለ፣ ለእኛ ለሠራተኞች ያመጣሁት፤
ገብሱ እስኪጠቁር የታመሰ ነው። ካልጣመዎት ይመልሱት።»

በረጅም ብርጭቆ መጣ፤ እንደ ማታው አስፋልት የጠቆረ፣
አረፋው ጠርዙን አልፎ፣ ክቡ ጠረጴዛው ላይ የቀረ።
ቀመሰ። ዝም አለ። ጥብሱን አዋዜ ነከረ። ደግሞ ጠጣ።
«ቆሎ ቆሎ ይላል» አለ፤ «ቅባቱን ያጥባል፣ በርበሬውን ሳያስቆጣ።»

ከጎናችን ክራቫቱን የፈታ፣ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሰው፣
«ምነው እንዳሻው፣ መድኃኒት ጀመርክ ወይስ ጾም ያዝክ?» ሲል ጠየቀው።
(ሐሙስ መሆኑን ረስቶ።)
«አይ፣ እራት እየበላሁ ነው» አለ፣ ጎድኑን እየጋጠ፤
ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ ብርጭቆው ላይ አፈጠጠ።

ብርሌ፣ የአምቦ ጠርሙስ፣ ረጅም ብርጭቆ አጋጨን፤
ድምፁ ያው ነው። «በርታ» የሚል ከመካከላችን አልወጣም።
ስለ ኪራይ አወራን፤ ስለ ፈረሰው ሰፈራችን፤
እኔም ያንን የድሮ ታሪክ አመጣሁ፣ አባታችን
ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ሠርግ የሄደበትን።
አሥር ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ አሥሩንም ጊዜ በሳቅ ወድቋል፤
በማግስቱ ሳነሣበት ግን፣ «የቱ ሠርግ?» ብሎኝ ያውቃል።

ዛሬ ጠዋት፣ ከአራት ኪሎ ስወርድ፣ መብራት ይዞኝ ቆሜ፣
ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ።
«የግራው ቡኒ፣ የቀኙ ጥቁር ነበር፣ አይደል?» አለኝ ድንገት፤
ሰላምታም የለ፣ ደህና አደርሽም የለበት።
«ተሳስተሃል፣ ተገላቢጦሹ ነው» አልኩት፣ እያወቅኩ፣ እንዲሟገተኝ ብዬ፤
መብራቱ ለቆ ኖሯል፤ ጥሩምባው ተንጫጫ ከኋላዬ።

እስከ ስታዲየም ተሟገትን።
ልኩን ያወቀው እሱ ነበር።