አንድም

ባሌ የኔታ ልሳኑ፣ ወንበሩን ዘርግቶ
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከኒም ጥላ ገብቶ፣
ያችን ንጉሥ የደረሳት፣ መነኩሴ የፈራት፣
ጢም ያላበቀለ እንዳይነካ ያሏት
ስምንት ምዕራፍ ፍቅር፣ በድሬ ሐሩር
ሲፈታ ይውላል፣ ለደቀ መዝሙር።

«አንገቷ» ይላል፣ «መምህራን ናቸው።
ጥርሶቿ ካህናት፣ ሥርዐት የገጠማቸው።
ጡቶቿ...» ያስላል፤ ይጠርጋል ላቡን፤
«ብሉይና ሐዲስ፣ ሁለቱ ኪዳን።
አንድም ነፍስ ናት፣ የምትዋትት እሷ፤
አንድም ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስቶስ ነው ራሷ።»

እኔ ከቦኖ ውሃ፣ ጀሪካን አዝዬ
በመሃላቸው ሳልፍ፣ ፊቴን ከልዬ፣
ጣሳውን ሞልቼ፣ ካጠገቡ አኑሬ
«አንድም» ሲል እጠብቃለሁ፦ ምናልባት ዛሬ።
ግን አንድም እያለ፣ አርባ ዓመት ሲፈታ
አንድም ቀን አላለኝ፣ «ዓይንሽ ያምራል» ላፍታ።

ማዶ የሰዓዳ ባል፣ ጋሪ ነጂው ሙመድ፣
ማታ ከሰል አራግፎ፣ ለብሶ የመጣ አመድ፣
ፈረሱን ሳይፈታ «ዓይኔ» ይላት ነበር፣
በኦሮምኛ፣ ጮክ ብሎ፣ እኔ እስክሰማ ካጥር።
ጥቅስ የለው። ትርጓሜ የለው።
ቀናሁ፤ እግዜር ይማረኝ።

ስሜ ወርቅያንጥፉ። ሰም አቅላጩ ባሌ
ወርቅ ፍለጋ ወጣ፣ ተራምዶ በአካሌ።

ሞተ። ነሐሴ ነው፤ ደቻቱ የሞላ ማታ።
አርባው ካለፈ ወዲያ፣ ጎርፍ የነካው ሣጥን
ከፀሐይ ላሰጣው፣ ስገልጥ ብራናውን፣
ግዕዙ አይገባኝም። ኅዳጉ ግን አማርኛ ነው፤
በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ለዚህ ይበቃል።
በቀይ ቀለም፣
ለማርያም ስም ብቻ በሚቆጥበው፣
«አንድም»
ይላል። ከዚያ ባዶ።
ሌላ ቅጠል ገለጥኩ፤ «አንድም»። ባዶ።
ዓይኗ የተነሣበት ጋ፣ ባዶ።
ከንፈሯ ጋ፣ ባዶ፤ ቀለሙ ግን ደምቋል፣
ብዕሩ እዚያው ላይ ብዙ እንደ ቆመ።

አርባ ዓመት ለተማሪ ያልነፈገው አፍ
እዚህ ሲደርስ ተሳሰረ?
ወይስ ይህችን አንዷን
ለሰው አልሰጥም ብሎ ነው?

የልጅ ልጄ እርሳስ አመጣች፤ «ሙዪው» አለችኝ።
እጄን አነሣሁ፤ መለስኩት።
ምን እጽፋለሁ? የሱን ዝምታ ማን ይፈታዋል፣
ከሱ በቀር?

ኋላ ነው ያየሁት። ካንዱ ባዶ መሃል
ክብ አለ፤ ደብዛዛ፣ የእርጥበት ምልክት።
ከጓዳ ጣሳዋን አመጣሁ፣ ያችኑ አሮጌዋን፣
ደረቋን፣ ባዶዋን፤
ከክቡ ላይ ቀስ ብዬ አኖርኳት።

ገጠመ።