ምላስ አይሸፈንም

ሐምሌ ነው፤ ደሴ ናት፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ከሰኞ ገበያ በላይ ያለው ዳገት በካፊያ ርሷል።
ከክሊኒኩ በራፍ አሮጌ አግዳሚ አለ፣ ሰፈሩ «ድድ ማስጫ» ነው የሚለው፤
ዘንድሮ ስሙ ከግብሩ ገጠመ፦ አርባ ድድ ተደርድሮ አየነው።

አንዱ ትራሱን ገልብጦ የሚነሳ፣ ሚስቱ ደሙን እንዳታይ፤
አንዷ ሎሚ የምትፈራ፤ አንዱ የሰርጉ ፎቶ ላይ
ከንፈሩን እንደ ቦርሳ ዚፕ የዘጋ፤
አንዱ መምህር፣ ሲስቅ በደብተር አፉን የሚጋርድ፣ ክረምት ከበጋ።

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ ቀይ ቀለም አስጉመጥምጬ፣
ከመንጋጋ ጓዳ በትንሽ መስታወት አፍጥጬ፣
ጥርስ ላይ ያደረው እድፍ ሲቀላ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፤
የደማውን በነጥብ፣ ያበጠውን በጭረት አሰፍራለሁ።

ጠርሙሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ «ሀ» እና «ለ» የተባለ፣
አንዱ ከፋርማሲ የመጣ፣ አንዱ ከቅጠል ተቀቅሎ የበሰለ፤
ቀለማቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ። የትኛው የት እንዳለ
ሰጪም አያውቅ፣ ተቀባይም አያውቅ፤
ምስጢሩ ዶክተር አራጋው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ዋለ።

ቅጠሉን ያመጡት፣ ከሐይቅ ዳር፣ እማ ጦይባ ይመር ናቸው፤
ጦስኙን በጤዛ፣ ጤና አዳሙን በጥላ፣ ወይራውን በፀሐይ መልቀም ልማዳቸው።
በዚህ ሥራ ጥርሳቸውን ነቅለዋል፤ ደግሞም የእውነት ነቅለዋል፣
ሦስት መንጋጋ ሄዷል፤ የቀሩትም መነቃነቅ ጀምረዋል።
«እኔም ልሰለፍ» አሉ፤ «ሰው የሚያክም ድዱን ቢያሳክም ምን ነውር አለው?»
ዕጣ አወጡ፤ አንድ ጠርሙስ። የቱ እንደሆነ እንግዲህ ማን ሊያውቀው?

እዚያው በራፉ ላይ አንድ ጉንጭ ያዙ፤ ያዙና ዝም አሉ፤
ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ጉሙ ላይ፣ ስልሳ ድረስ ስቆጥር እዚያው አሉ።
ከዚያ ቦዩ ላይ ተፉና፣ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው፣
«አንተ ጥርስ ቆጣሪ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ዓይኔን ሸፈናችሁት፤ እሺ፤ ሸፍኑት።
ምላሴንስ በምን ጨርቅ ልትሸፍኑት?»

ደንቡ «ያወቀ ይውጣ» ይላል። ብዕሬ አየር ላይ ቀረ።
«አትደንግጥ፤ የቱ እንደሆነ አፌ አልተናገረ።
ሃያ አንድ ቀን ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አማና ነው፤ እጨርሳለሁ፤
የኔም ቢሆን፣ የሰውም ቢሆን፣ ጧትና ማታ እጉመጠመጣለሁ።»

ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ዶክተሩ አነበበ፤ ከአርባው አንዱን ቀነሰ፤
የተሰረዘው ስም ግን በየሰኞው፣ ዣንጥላ ይዞ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደረሰ።

በመጨረሻው ሰኞ መሳቢያው ተከፈተ።
በሁለቱም ወገን ቀዩ ቀለም ሳስቷል፤ ብዙው ደም ተገትቷል፤
ፋርማሲው በጥቂት ነጥብ ቀድሟል፣
ግን የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የመሰለ ቡናማ ጥላ ጥርስ ላይ ትቷል።
የቅጠሉ ሰዎች ጥርስ ነጭ ነው፤ «ምላሳችንን ፈጀን እንጂ» ብለዋል።

ቀና ብዬ እማ ጦይባን አየሁ።
ጥርሳቸው ቡናማ።

ሃያ አንድ ቀን የባላንጣቸውን ውሃ፣
አንድም ቀን ሳያስተጓጉሉ፣ እያወቁ።
እቤታቸው ጣሳ ሙሉ የራሳቸው ቅጠል ነበር።

ከድዳቸው ሥር ግን ድንጋዩ አለ፤
እንደ ቆየ ቂም የጠጠረ፣
ለቅጠልም ለፋርማሲም ያልተበገረ።
በብረት ጫርኩት። ሲላቀቅ ሳህኑ ላይ ቀጭ አለ፤ ሌላም፤ ሌላም።
አንዱን በጣታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት፤
«ይኼን ይዤ ነው ለሰው መድኃኒት የምቀምመው?» አሉ፤ ሳቁ፤
ደምና ምራቃቸውን ተፉና ደግመው ሳቁ።

«ቅርንፉዱን በዝቼበት ነበር፤ እቀንሳለሁ። ለከርሞ ደግሞ ቁጠረኝ።»

ወደ ገበያው ቁልቁል ሲወርዱ ከበራፉ አየኋቸው፤
ጉሙ ተገልጦ ነበር፤
ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ነበር፣
መንገደኛ ሰላም ሲሉ፣
አፋቸው ላይ አልነበረም።