አርባ ቀን፣ ሳይደገም

የነቢያት ጾም ሲገባ፣ በስልክ ተናዘዝኩኝ፤
"አባ፣ ማማረር ነው፤ ጠዋት ማታ ያዘኝ፤
የሱንድስቫል ፀሐይ፣ ሳትሞቀኝ ታልፋለች፣
በስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ጥድ ሥር ትገባለች፤
ወገቤ ይነዝረኛል፣ አውቶቡሱ አይመጣም፣
አለቃዬ ስሜን፣ አስተካክላ አትጠራም።"

ስግደት ነበር የጠበቅሁ፣ ዳዊት መድገም፣ ጾም፤
ቀሲስ ላእከ ማርያም፣ ሳላቸው ጋብ ሲልም፦
"ጉልበትሽን ተዪው ልጄ፣ እሱ በሥራ አልቋል፤
ቀኖናሽ ምስጋና ነው፤ አርባ ቀን ይበቃል።
በቀን አንድ ነገር፤ ስሙን ጠርተሽ፣ ለይተሽ፤
የትናንቱን ዛሬ፣ እንዳትደግሚ፣ አደራሽ።"

ቀላል መሰለኝ።
"ተመስገን" መች ጠፍቶኝ!
"እንዴት ነሽ?" ላለኝ ሁሉ፣ ሳላስብ የምለው፣
ሲያመኝም ሲሻለኝም፣ ያው አንድ መልስ ነው፤
እንደ በር እጀታ፣ በመነካት ብዛት ወዝቶ፣
ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ማን እንደገባ ሳይታይ ከቶ።

አንድ፣ ስለ ጤናዬ። ሁለት፣ ስለ ሥራዬ።
ሦስት፣ ስለ እናቴ። አራት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዴ።
አምስት፣ ስለ ሕይወት። ስድስት፣ ስለ ሰላም።
በዘጠነኛው ቀን፣ ባዶ ሆነ ዓለም።
ትልቁ ነገር ሁሉ፣ በሳምንት አለቀ፤
ከአፌ ወጣ እንጂ፣ ከልቤ መች ዘለቀ?

በዐሥረኛው ሌሊት፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ሆኜ፣
የቀኑን ኪስ ሁሉ፣ ገልብጬ በትኜ፣
ያገኘሁት ጓንት ነው፤
መንገድ ላይ የጣልኩት፣
ማላውቀው ሰው አንሥቶ፣ አጥር ጫፍ ሰክቶት፣
በረዶ ለብሶ የጠበቀኝ፣ እንደተዘረጋ እጅ።
"ጌታ ሆይ፣ ስለ ጓንቱ…" ብዬ አፈርኩ። ሳቅሁም።
ግን ጣቴ ሞቆ ነበር። እሱን አልካድሁም።

ከዚያ ወዲህ ቀኖቼ፣ ጥቃቅን ሆኑብኝ፤
አንድ ጠዋት ሾፌሩ፣ ስሮጥ አይቶ ጠበቀኝ፤
አንድ ማታ ድንቹ፣ ሳያር ደረስኩበት፤
አንድ ቀን ደግሞ ምንም።
"ስለ ምንም ተመስገን" ብዬ ተኛሁበት።

ጉንቦር፣ ክፍል ሰባት።
ዘጠና አንድ ዓመቷ። መስኮቷ ወደ ባሕሩ።
ደም ሲፈስ በራሷ ውስጥ፣ ቃላቷ በረሩ፤
የልጇ ስም ሄደ፣ የባሏም፣ የራሷ፤
አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፣ ተጣብቃ ከምላሷ፦
"ታክ።"
በአገሯ ቋንቋ ምስጋና ናት፤
ውኃ ስሰጣት ታክ፣ መብራት ሳጠፋላት፤
ሲያማት ታክ፣ ሲርባት ታክ፤ ሌላ ከየት ታምጣ?
አንዴ የመድኃኒቱን ጽዋ፣ ግድግዳ ላይ አላግታ፣
ዓይኗ ደም እንደለበሰ፣ "ታክ! ታክ!" አለችኝ ጮኻ፤
ሰደበችኝ፣ በምስጋና።

ሠላሳ ሦስተኛው ቀን።
ያበጠ እግሯን ይዤ፣
ጠባቡን ካልሲ ላጠልቅላት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ
(አባ የማሩትን ጉልበት፣ እሷ አልማረችውም)፣
ጥፍሬ ቧጠጣት። ቆዳዋ ወረቀት ነው።
"ይቅርታ!" አልኩ፣ በአማርኛ፣ አምልጦኝ።
መምታቷን ጠብቄ፣ አንገቴን ሰበርኩ።
እጇ መጣ፤
የሻሼን ጫፍ ዳሰሰች፣ ሐር ይሁን ጥጥ እንደሚለይ ነጋዴ፤
"ታክ" አለች ቀስ ብላ፤
ፊቷ ግን ወደ መስኮቱ ነበር፣ ወዳልነጋው ሰማይ።
ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋት፤
ብጠይቃትስ፣
ያላት መልስ አንድ ነው።

በአርባኛው ቀን ደወልኩ።
"ፈጸምሽ?" አሉኝ አባ።
"አልፈጸምኩም" አልኳቸው። "ቃልዎን አፍርሻለሁ፤
ከሠላሳ ሦስት ወዲህ፣ ስምንት ቀን ሙሉ፣
አንዲት አሮጊት ናት፤ እሷኑ ደጋግሜያለሁ።"
ዝም አሉ። ሳሉ። ደግሞ ዝም አሉ።
በመስመሩ ወዲያ፣ መቁጠሪያ ሲንሸራተት ሰማሁ፤

"እንግዲያው" አሉኝ፣
"ከአንድ ጀምሪያ።"